ሳይቃጠል በቅጠል፦ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሣጥን ሲያቆም ምን እንጠይቅ?

ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለውኃ ኮሚቴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር



 ዛሬ የተመደበልን ርእስ ሲሰሙት የኤሌክትሪክ ባለሙያን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። በፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ የጥልቅ ጉድጓዱን ፓምፕ የሚያስነሣውና የሚያቆመው የብረት ሣጥን ችግር ሲገጥመው ብልሽቱ እንዴት ይለያል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ከባለሙያው እጅ አልፎ ወደ ኮሚቴው ጠረጴዛ የሚያደርሰው አንድ ምክንያት አለ፤ ፓምፑ በቆመ ማግሥት ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ ብሎ የሚወስነው ኮሚቴው ነው።

ፓምፕ ሲቆም በመንደሩ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚለው ነው። ይህ ቃል ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሰብመርሲብል ፓምፕን ከብዙ ሜትር ጥልቀት ከነቧንቧውና ከነኬብሉ ለማውጣት ክሬን ያለው መኪና፣ የሠለጠነ ሰውና የቀናት ጊዜ ያስፈልጋል። ቦኖው ደርቆ በሚቆይባቸው ቀናት እናቶችና ልጆች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝና ወዳልተጠበቀ ምንጭ ይመለሳሉ። ፓምፑ ወጥቶ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከየጀሪካኑ በሳንቲም የተጠራቀመው ገንዘብ ያለ ፍሬ ይባክናል።

ስለዚህ የንግግራችን ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሣጥኑ ሞተሩን ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን እየሠራ ነው። አንድ ነገር አይቶ እየተናገረ ነውና መጀመሪያ ያየውን እንጠይቀው እንጂ ዝም እንዲል አናድርገው።

በሣጥኑ ውስጥ ማን ማን አለ?

ሣጥኑን ስንከፍት የሚታየው የሽቦ ብዛት ያስፈራል። ዋና ዋናዎቹ ሠራተኞች ግን ጥቂቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ብሬከሩ ነው። ሽቦና ሽቦ ሲነካካ ወይም እጅግ ከፍተኛ ፍሰት ሲመጣ ኃይሉን ባንድ ጊዜ ይቆርጣል። ሁለተኛው ኮንታክተሩ ሲሆን እርሱም የሞተሩ በር ነው። በውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ ኃይል ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ሦስቱን መገናኛ ነጥቦች ይገጥማል፤ ሞተሩም ይነሣል። ሦስተኛው ኦቨርሎድ ይባላል። ሞተሩ ከሚገባው በላይ አምፔር ሲስብ ይሰማዋል፤ ጥቂት ጠብቆም ኮንታክተሩን ያስለቅቃል። አራተኛው የፌዝ ጠባቂ ነው። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሲጠፋ፣ ቮልቴጁ ሲዛባ ወይም የፌዞቹ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ሞተሩ እንዳይነሣ ይከለክላል። አምስተኛው የውኃ ከፍታ ጠባቂ ነው። ወደ ጉድጓዱ በወረዱ ኤሌክትሮዶች አማካይነት ውኃው መኖሩን ያያል፤ ውኃው ሲሸሽም ፓምፑ በባዶ እንዳይሽከረከር ያቆመዋል።

ከአምስቱ ኮንታክተሩ ኃይል አቅራቢ ነው፤ የቀሩት አራቱ ጠባቂዎች ናቸው። ከዚህም የተነሣ ፓምፑ ሲቆም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ጠባቂው በእውነት አደጋ አይቶ ነው ያቆመው? ወይስ ጠባቂው ራሱ ታሟል? ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ጠባቂውን ዝም ማሰኘት

በአንድ የገጠር አጥቢያ ያየነውን እናንሣ። የሞተሩ ስያሜ ሰሌዳ 16 አምፔር ይላል፤ ኦቨርሎዱም በዚያው ተስተካክሎ ነበር። ከጊዜ በኋላ ኦቨርሎዱ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እየዘለለ ፓምፑን ማቆም ጀመረ። ሕዝቡ በቦኖው ተሰልፎ ይጮኻል፤ ኦፕሬተሩም ይጨነቃል። በመጨረሻ አንድ ሰው በካቻቢቴ የኦቨርሎዱን ቁጥር ወደ 22 ከፍ አደረገው። ፓምፑ መቆሙን ተወ፤ ሁሉም ተደሰተ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሞተሩ ተቃጠለ።

ሣጥኑ ሲመረመር ከኮንታክተሩ ሦስት መገናኛ ነጥቦች አንዱ ጠቁሮና ተቦርቡሮ ተገኘ። በዚያ ነጥብ የሚያልፈው ኃይል አንድ ጊዜ ይደክም፣ አንድ ጊዜም ጨርሶ ይጠፋ ነበር። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በሥራ ላይ ሳለ አንድ ፌዝ ሲጠፋበት በቀሩት ሁለቱ የሚያልፈው ፍሰት ወደ 1.7 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ሞተሩ ለጊዜው መዞሩን አያቆምም፤ ነገር ግን ይግላል። ኦቨርሎዱ የተቃወመው ይህንኑ ነበር። በፌዝ ጠባቂው አይታማም፤ እርሱ የተገጠመው ከኮንታክተሩ በፊት ስለሆነ ከበስተኋላው የጠፋውን ሊያይ አይችልም። ተናጋሪው ኦቨርሎዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ዝም ተሰኘ። አንድ ኮንታክተር መለወጥ ይበቃ የነበረው ጉዳይ አዲስ ሞተርና የክሬን ኪራይ አስከተለ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የመብራት መስመር ተበላሽቶ ከተጠገነ በኋላ ኃይሉ ሲመለስ ፓምፑ አልነሣም የሚልባቸው ጊዜያት አሉ። ሰውም «ሣጥኑን መብራቱ አቃጠለው» ይላል። አንዳንድ ጊዜ የሆነው ግን ሠራተኞች መስመሩን ሲጠግኑ ሁለት ፌዞች ቦታ መለዋወጣቸው ብቻ ነው። የፌዝ ጠባቂው ይህን ስላየ ይከለክላል። መፍትሔው ባለሙያ ወደ ሣጥኑ ከሚገቡት ሽቦዎች ሁለቱን እንዲያለዋውጥ ማድረግ ነው። ጠባቂውን በሽቦ ዘልሎ ማለፍ ግን ፓምፑን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። ያን ጊዜ ጥቂት ውኃ ሊወጣ ስለሚችል ሕዝቡ «የጉድጓዱ ውኃ ቀነሰ» ብሎ ሌላ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

የመመርመሪያው ቅደም ተከተል

ብልሽትን መለየት ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከሚታየው ወደማይታየው መሄድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ሕይወት ይጠበቅ። በሀገራችን ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ነው፤ ሁለቱም ይገድላሉ። ሣጥኑን የሚከፍተው ብቃት ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ይሁን። እርሱም ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ ቁልፉን በኪሱ ይያዝ። መለኪያውን በመጀመሪያ ኃይል ባለበት ቦታ ይሞክረው፤ ቀጥሎ በሚሠራበት ቦታ ኃይል አለመኖሩን ይለካ፤ ከዚያም መለኪያውን ኃይል ባለበት ቦታ እንደ ገና ይፈትነው። የተበላሸ መለኪያ «ኃይል የለም» ብሎ ስንቱን ሰው ሊያታልል ይችላልና።

አንደኛ፣ ይጠየቅ። ኦፕሬተሩ ሣጥኑ ከመነካቱ በፊት የትኛው መብራት በርቶ እንደ ነበረ፣ በስንት ሰዓት እንደ ቆመ፣ በዕለቱ መብረቅ፣ የኃይል መቆራረጥ ወይም ጥገና እንደ ነበረ ይናገር። ዘወትር ማታ ማታ የሚቆም ፓምፕና ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚቆም ፓምፕ ሕመማቸው አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ይታይ፣ ይሽተት። የጠቆረ ሽቦ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ የላላ ብሎን፣ የገባ ውኃ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ መለኪያ ሳይነሣ ብዙ ይነግረናል።

ሦስተኛ፣ ወደ ሣጥኑ የሚገባው ኃይል ይለካ። ሦስቱም ፌዞች መኖራቸውና እርስ በርስ መቀራረባቸው ይረጋገጥ። ልኬቱ ሞተሩ ቆሞ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ሳለም ይወሰድ፤ ደካማ መስመር ጭነት ሲመጣበት ነው የሚጋለጠው።

አራተኛ፣ የትእዛዙ መስመር ይለካ። የኮንታክተሩ ጥቅልል ሽቦ የተመደበለትን ቮልት ያገኛል ወይ? በዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ኮንታክተር ከተመደበለት ቮልት 85 በመቶ ሲያገኝ መግጠም አለበት፤ ለ220 ቮልት ይህ 187 ቮልት ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ሊርገበገብና ሊንጫጫ ይችላል፤ እያንዳንዱም መርገብገብ ነጥቦቹን ያቃጥላል። የመንደሩ መብራት በምሽት የሚዳከም ከሆነ የፓምፑን ሰዓት ማዛወር አዲስ ሣጥን ከመግዛት ይልቅ ይጠቅማል።

አምስተኛ፣ ሣጥኑ ለሁለት ይከፈል። ኃይል ወደ ጥቅልል ሽቦው ደርሶ ኮንታክተሩ ካልገጠመ ችግሩ ኮንታክተሩ ላይ ነው። ኃይሉ ካልደረሰ ችግሩ ከዚያ በፊት ባሉት ጠባቂዎች መካከል ነው፤ ሲቆጠሩም ጥቂቶች ናቸው። ኮንታክተሩ ገጥሞ ሞተሩ ካልተነሣ ፍለጋው ወደ ነጥቦቹ፣ ወደ ኬብሉና ወደ ሞተሩ ይሻገራል። አንድ ልኬት የፍለጋውን ቦታ በግማሽ ይቀንሰዋል።

ፒኤልሲ የሚባለው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ባለባቸው ትልልቅ ፓምፖችና ፋብሪካዎችም ሥርዓቱ ይኸው ነው። በፊቱ ላይ የገቢና የወጪ ትንንሽ መብራቶች አሉ። ሴንሰሩ ምልክት ልኮ የገቢው መብራት ካልበራ ችግሩን በአብዛኛው ከውጭ፣ ከሴንሰሩ ወይም ከሽቦው እንፈልገዋለን። የወጪው መብራት በርቶ ኮንታክተሩ ካልገጠመ ችግሩ ከመብራቱ በኋላ ነው። «አንጎሉ ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ የሚሰጠው እነዚህ ሁሉ ከተፈተሹ በኋላ ነው።

በቁጥር መናገር

ባለሙያ መጥቶ «ሞተሩ ደክሟል» ቢል ኮሚቴው «በስንት?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስቱ ፌዞች የሚስቡት አምፔር በክላምፕ ሜትር ይለካል። ለምሳሌ 20፣ 22 እና 18 ቢሆኑ አማካያቸው 20 ነው። ከአማካዩ እጅግ የራቀው በ2 ይርቃል፤ 2 ለ20 ሲካፈል 10 በመቶ ይሆናል። የሰብመርሲብል ሞተር አምራቾች በሙሉ ጭነት ጊዜ ይህ ልዩነት ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራሉ። ስለዚህ በምሳሌያችን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ልዩነቱ ከመብራት መስመሩ ነው ወይስ ከሞተሩ? ለዚህ ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ አለ። ባለሙያው ኃይሉን አጥፍቶ ሦስቱን የሞተር ሽቦዎች በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ያዛውራቸዋል፤ ሦስቱም አብረው ስለሚዛወሩ የሞተሩ መዞሪያ አቅጣጫ አይለወጥም። ከዚያ እንደ ገና ይለካል። ከፍተኛው አምፔር በዚያው የመብራት ፌዝ ላይ ከቀረ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከሣጥኑ ነው። ከሞተሩ ሽቦ ጋር አብሮ ከተዛወረ ችግሩ ወደ ኬብሉና ወደ ሞተሩ ያመለክታል። ፓምፑን ከጉድጓድ ለማውጣት ከመወሰኑ በፊት ይህ ልኬት በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።

ሁለተኛው ቁጥር የሽቦው መከላከያ ልባስ ጤንነት ነው። ይህም ሜገር በሚባለው መሣሪያ ይለካል። በጉድጓድ ውስጥ ያለ ሞተር ከነኬብሉ ተለክቶ ከ2 ሜጋኦም በላይ ካሳየ ደኅና ነው፤ ከ0.5 ሜጋኦም በታች ከወረደ ልባሱ ተጎድቷል ተብሎ ይመረመራል። ልኬቱ ከመደረጉ በፊት የሞተሩ ኬብል ከሣጥኑ ይለያይ፤ ሜገር የሚልከው ከፍተኛ ቮልት በሣጥኑ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎችን ሊያበላሽ ይችላልና።

ሣጥኑ ጤነኛ፣ ምስክሩ ግን የተሳሳተ ሲሆን

በሌላ አጥቢያ ደግሞ ተቃራኒውን አየን። የውኃ እጥረት መብራት በርቶ ፓምፑ አልነሣ አለ። ኮሚቴው «የሣጥኑ አንጎል ተቃጥሏል» ተብሎ ተነግሮት አዲስ ሣጥን እንዲገዛ ሊወስን ተቃርቦ ነበር። የጉድጓዱ ውኃ ሲለካ ከኤሌክትሮዶቹ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ባለሙያው በሣጥኑ በኩል የኤሌክትሮዶቹን መግቢያዎች ለአፍታ አገናኝቶ ሲሞክር ጠባቂው ወዲያው «ውኃ አለ» አለ፤ መብራቱም ጠፋ። የሙከራው ሽቦ በዚያው ቅጽበት ተነሣ። ሣጥኑ ጤነኛ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ከሣጥኑ ውጭ ባለው መስመር ሲፈለግ የኤሌክትሮዱ ሽቦ በጉድጓዱ አፍ አጠገብ አይጥ በልቶት ተገኘ። የጥገናው ወጪ ጥቂት ሜትር ሽቦ ብቻ ሆነ።

ኤሌክትሮዱ ራሱም ኖራ ወይም ዝገት ሲለብሰው ውኃ ውስጥ ቆሞ «ውኃ የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ምስክሩ ሳይመረመር ፍርድ አይሰጥ።

የፀሐይ ኃይል ፓምፖች

በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች እየበዙ ስለሆነ ጥቂት እንጨምር። የእነዚህ መቆጣጠሪያ ኢንቨርተር ሲሆን ሲያቆም በመስኮቱ ላይ የቁጥር ወይም የፊደል ምልክት ያሳያል። ብዙ ኦፕሬተሮች ምልክቱን እንዳዩ አጥፍተው ያበራሉ፤ ያን ጊዜ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ከማጥፋት በፊት ምልክቱና ሰዓቱ ይጻፍ፤ የእጅ ስልክ ካለ ፎቶ ይነሣ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎችም አሉ። ፀሐይ እስካለ ድረስ ከሰሌዳዎቹ የሚመጣው ሽቦ ኃይል አለው፤ የሣጥኑ ማብሪያ ቢጠፋም ከሰሌዳዎቹ እስከ ማብሪያው ያለው መስመር ሕያው ነው። ኢንቨርተሩም ከጠፋ በኋላ በውስጡ ለደቂቃዎች ኃይል ያቆያል፤ በላዩ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳይፈጸም ክዳኑ አይከፈት።

የሣጥኑ ጠላቶች

ሣጥኑ ራሱ በእውነት ሲታመም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አቧራ፣ ርጥበት፣ ነፍሳት፣ የላላ ብሎን ወይም መብረቅ ነው። ኬብል የሚገባበት ቀዳዳ ክፍት ሲቀር ጉንዳንና እንሽላሊት ይገባሉ፤ በኮንታክተሩ ነጥቦች መካከልም ይሞታሉ። የላላ ብሎን ይግላል፤ ሙቀቱም ይበልጥ ያላላዋል። ስለዚህ ቀዳዳዎች ይደፈኑ፤ በሩ ዘወትር ይዘጋ፤ ባለሙያ በየጊዜው ኃይል አጥፍቶ ብሎኖቹን ያጥብቅ። ክረምት ከመግባቱ በፊትም የመሬት መስመሩና የመብረቅ መከላከያው ይፈተሹ። የመሬት ሽቦው የተቆረጠበት መከላከያ ስሙ እንጂ ሥራው የለም።

ከኮሚቴው የሚጠበቀው

ክቡራን ሆይ፤ ከእናንተ የኤሌክትሪክ ሙያ አይጠበቅም፤ ሥርዓት ማቆም ግን ይጠበቃል። የሚከተሉት አምስት ነገሮች በእያንዳንዱ አጥቢያ ዕቅድ እንዲገቡ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በፓምፕ ቤቱ አንድ መዝገብ ይኑር። በየቀኑ ቮልቱ፣ አምፔሩና የሥራው ሰዓት፣ ሲቆምም የበራው መብራት ይጻፍበት። የጤናው ጊዜ ቁጥር ያልተጻፈለት ሞተር ሲታመም ባለሙያ የሚያመሳክርበት ያጣል።

ሁለተኛ፣ የኦቨርሎዱ ቁጥር ከሞተሩ ስያሜ ሰሌዳ ጋር ተመሳክሮ በሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ይለጠፍ። ያለ ባለሙያ ልኬትና ያለ ኮሚቴው ዕውቅና ማንም አይለውጠው።

ሦስተኛ፣ ጠባቂን በሽቦ ዘልሎ ማለፍ ይከልከል። ኦቨርሎድ ከዘለለ ኦፕሬተሩ ሞተሩን አሳርፎ አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሰው፤ ዳግመኛ ከዘለለ ባለሙያ ይጠራ። በተደጋጋሚ ማስነሣት በራሱ ሞተር ያቃጥላልና።

አራተኛ፣ ፓምፕ ለማውጣት ወይም አዲስ ሣጥን ለመግዛት የሚቀርብ ጥያቄ የልኬት ቁጥሮች ሳይያያዙበት አይጽደቅ። ብሬከር ሲዘልልም ሆነ ጭስ ሲታይ ግን መዝገብ ሳይጠበቅ ወዲያው ኃይሉ ይጥፋ።

አምስተኛ፣ የሣጥኑ የሽቦ ሥዕልና ለሣጥኑ የሚስማማ አንድ ኮንታክተር፣ ጥቂት ፊውዞችና የኤሌክትሮድ ሽቦ በመጠባበቂያነት ይቀመጡ። ሥዕሉ ከሌለ ባለሙያው የመጀመሪያውን ቀን የሚያጠፋው ሽቦ በመከተል ነው።

ስለ ኦፕሬተሮቻችንም አንድ ቃል እንጨምር። ሕዝቡ ተሰልፎ እየጮኸ ፓምፑን ቆሞ እንዲቆይ ማድረግ ለአንድ ወጣት ኦፕሬተር ከባድ ነው። የኦቨርሎዱን ቁጥር ከፍ የሚያደርገው እጅ ብዙ ጊዜ የክፋት ሳይሆን የጭንቀት እጅ ነው። ስለዚህ ካህናት አባቶቻችንና የኮሚቴው አባላት በዚያች ሰዓት ከኦፕሬተሩ ጎን ቁሙ። ፓምፑ ለምን እንደ ቆመ፣ ባለሙያ መቼ እንደሚመጣ ለሕዝቡ ተናገሩ። አንድ ቀን የታገሠ ሕዝብ ለወራት ውኃ ከማጣት ይድናል፤ ይህንንም ለምእመናን ማስረዳት ከእናንተ የበለጠ የሚሰማለት የለም።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።